ፊልሙ መሀሉ እየጠቆረ የሚቃጠለው በመብራቱ ነው?

የተጠየቀው እንዲህ ነው፦ በድሮ ሲኒማ ምስሉ ድንገት ደርቆ፣ መሀሉ ቡናማ ሆኖ ሲቀልጥ የሚታየው መብራቱ ስለበዛ ነው ወይስ ፊልሙ ስላረጀ?

ሁለቱም አይደለም። በድሮ ማሽን ውስጥ ያለው የካርቦን አርክ መብራት (በሁለት የካርቦን ዘንጎች መሀል በሚፈጠር የኤሌክትሪክ ነበልባል የሚበራው) ሁልጊዜም ፊልም የሚያቃጥል ነው፤ ፊልሙን የሚያተርፈው አለመቆሙ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ፊልሙ ለምን ቆመ የሚለው ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ ፊልሙን ከሚያበራበት የማሽኑ መስኮት በላይና በታች፣ ፊልሙ ላላ ተደርጎ በሚተወው ቀለበት ላይ ይገኛል።

ባለ35 ሚሊሜትር ፊልም ለአንድ ፍሬም በየጎኑ 4 ቀዳዳ አለው። ከመስኮቱ ሥር ያለውን ባለ16 ጥርስ ሮለር የሚያዞረው የማልታ መስቀል የሚባለው ክፍል ነው። መስቀሉ አራት ስንጥቅ አለው፤ ከጎኑ የሚሽከረከረው ጎማ ፒን ስንጥቁ ውስጥ በገባ ቁጥር ሩብ ዙር ይዞራል፣ ይህም 4 ጥርስ፣ ማለትም አንድ ፍሬም ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሄድ የአንዱ ፍሬም ድርሻ 42 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ ሩቡ መጎተቻ፣ የቀረው ቆሞ መታያ። ሲጎተት መከለያው ብርሃኑን ይጋርዳል።

ላይና ታች ያሉት ጥቅሎች ግን ያለማቋረጥ ነው የሚዞሩት። ዝም ብሎ የሚሄደውንና እየዘለለ የሚሄደውን የሚያስታርቀው ያ ቀለበት ነው። ካጠረ መስቀሉ በሳበ ቁጥር ፊልሙ ይወጠርና ቀዳዳው ይቀደዳል፤ ከረዘመ ከማሽኑ አካል ጋር እየተላተመ ይጫጫራል። በድምፅ ፊልም ደግሞ የታችኛው ቀለበት ሌላ ጣጣ አለው። የድምፅ ማንበቢያው ከመስኮቱ በታች ስለሆነ ድምፁ የሚታተመው ከምስሉ 20 ፍሬም ያህል ቀድሞ ነው። ቀለበቱ ከረዘመ ድምፁ ከከንፈር ወደ ኋላ ይቀራል፣ ካጠረ ይቀድማል። ስለዚህ ፊልሙ ከገባ በኋላ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ማሽኑን በእጅ ጥቂት ዙር አዙሮ ሁለቱ ቀለበቶች መጠናቸውን መጠበቃቸውን ማየት ግድ ነው። ይህን የሚዘል ሰው ማሽን ባይነካ ይሻላል።

አሁን ወደ ቃጠሎው። ብዙ ማሽኖች ፍጥነቱ ሲወርድ በራሱ የሚወድቅ የእሳት መከለያ አላቸው። ታዲያ ለምን ያቃጥላል? መከለያው የሚያውቀው የሞተሩን ፍጥነት እንጂ የፊልሙን አይደለም። ቀዳዳው ተቀዶ ጥርሱ ባዶውን ሲያገኝ ሞተሩ በሙሉ ፍጥነቱ ይዞራል፣ መከለያውም ክፍት ይቆያል፣ ፊልሙ ብቻ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ይጠበሳል። ያኔ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መብራቱ መዝጊያ ነው፤ ሞተሩ ከዚያ በኋላ ይጠፋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሚባክነው ሰከንድ ለቃጠሎው ይበቃል።

የመቀደዱ መነሻ ግን ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ውጭ፣ መጠቅለያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ፊልሙ ወደ ኋላ ሲጠቀለል ጠርዙ በሁለት ጣት መሀል ቀስ ብሎ ማለፍ አለበት፤ የተሸረፈ ቀዳዳና የላላ ቅጥያ ከዓይን ቀድሞ ጣት ላይ ይታወቃል። ሲቀጠል ምስሉን የያዘው ሽፋን ከአንዱ ጫፍ እስኪጠራ መፋቅ አለበት፤ ማጣበቂያው የሚይዘው ፕላስቲኩን እንጂ ሽፋኑን አይደለም። ገና ከላቦራቶሪ የወጣ ፊልም ደግሞ መስኮቱ ላይ ጠንካራ ቅርፊት እየተወ ይሄዳል፤ ይህ ሲከማች ፊልሙን ያንቀዋል። የሚፋቀው በእንጨት ወይም በመዳብ ነው። ብረት መስኮቱን ይቧጭራል፣ ጭረቱም ከዚያ በኋላ የሚያልፈውን ፊልም ሁሉ ይበላል።

አንድ ነገር ላርም። ቡናማ ሆኖ እየተንፈቀፈቀ ቀዳዳ የሚያወጣው በአብዛኛው አሲቴት ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ፊልም ነው። ኮዳክ እስከ እ.ኤ.አ. 1951 ድረስ ይሠራው የነበረው ናይትሬት የሚባለው የቀድሞው የፊልም ዓይነት እንደዚያ አይቀልጥም፤ ይነድዳል። ኦክስጅኑን በውስጡ ስለያዘ ውሃ ውስጥም መንደዱን አያቆምም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 1897 ፓሪስ ውስጥ ከ120 በላይ ሰው የፈጀው የበጎ አድራጎት ባዛር ቃጠሎ እንኳ መነሻው ፊልሙ ሳይሆን በማሳያው መብራት ውስጥ የነበረው ኤተር የሚባል ተቀጣጣይ ፈሳሽ ነበር፤ መጥፎ ስሙ ግን ለፊልም ተረፈ። የማሽን ክፍል በማይቃጠል ግድግዳ እንዲታጠር፣ ወደ አዳራሹ የሚያሳዩት የክፍሉ መስኮቶችም የሚወድቅ የብረት መዝጊያ እንዲኖራቸው የተደረገው በናይትሬት ፍርሃት ነው። ፊልሙ የማሽኑ መስኮት ላይ ከነደደ መብራቱን ዘግቶ ፊልሙን ከመስኮቱ በላይና በታች መቁረጥ ይቻላል። እሳቱ ጥቅሉ ያለበት ሳጥን ውስጥ ከገባ ግን መዝጊያዎቹን ጥሎ፣ በሩን ከኋላ ዘግቶ መውጣት ነው።