«ከኡቡንቱ፣ ከሚንትና ከፌዶራ የቱን ልጫን?» ላልሽው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ጎንደር ማራኪ ግቢ አካውንቲንግ እማራለሁ፣ 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ስለቆመ በነፃ ወደሚገኘው ሲስተም ወደ ሊኑክስ ልዙር፣ ከዓይነቶቹ ከኡቡንቱ፣ ከሚንትና ከፌዶራ የቱን ልጫን ብለሻል። መላሹ ሁሉ የራሱን አሞግሶ ሄደ። እኔ ፒያሳ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ ሊኑክስ ላይ 6 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ሦስቴም ቀያይሬያለሁ። ከስሙ በፊት በቀን ምን እንደምትሠሪበት እዪ።

እኔን ያስመረረኝ ሊኑክሱ ሳይሆን ጣቴ ነበር። ዓመታት አማርኛ የጻፍኩት ዊንዶውስ ላይ በለመድኩት የቁልፍ አቀማመጥ ነው። ባለጉዳይ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ከፊቴ ቆሞ እኔ «ጨ»ን ፍለጋ ቁልፍ ስደባብስ አስቢው! በሁለተኛው ቀን ወደ ዊንዶውሴ ተመለስኩ። ሊኑክስ ላይ አማርኛ ለመጻፍ የሚረዱትን አይባስንና ኤም17ኤንን ጭኜ «ሴራ» የተባለውን አጻጻፍ የለመድኩት ከወራት በኋላ ነው። ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል እንደ ድምፁ ስትመቺ ግዕዙ ይወጣል፤ ያ ያሰቃየኝ «ጨ» ለካ ትልቁ ሲ ላይ ኢ መጨመር ብቻ ኖሯል። ስለዚህ ከመጫንሽ በፊት አንድ ገጽ አማርኛ ጽፈሽ ሞክሪ።

የድሮ ፋይልም ጣጣ አለው። ፊደላችን ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ብዙ ሰነድ የተጻፈው በላቲን ፊደል ቦታ የአማርኛ ቅርጽ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነው። ፎንቱ ከሌለ በዎርድና በኤክሴል ፈንታ ሊኑክስ ላይ የምትጠቀሚበት ሊብረኦፊስ የሚያሳይሽ ዝብርቅርቅ ያለ ላቲን ነው። አትደንግጪ፣ ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱን ከድሮው ኮምፒውተር ገልብጠሽ ጫኚው።

ሁለተኛው ነገር ዳታ ነው። የእህቴ ልጅ ያለማቋረጥ ከሚታደሱት፣ ሮሊንግ ከሚሏቸው ሊኑክሶች አንዱን ጭኖ በሁላችንም ላይ ሲኮራ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ሲመለስ፣ ላፕቶፑን ላድስ ቢል የፕሮግራሞቹን ትክክለኛነት የሚያረጋግጡት የፊርማ ቁልፎች አርጅተው አዲሶቹን የፕሮግራም ጥቅሎች አልቀበልም አለው። ቁልፎቹን አስቀድሞ ለብቻ ማደስ እንዳለበት እስኪገባው ሁለት ቀን ፈጀ። ሱቄ ያለው ዴቢያን የተባለው ሊኑክስ ግን ምንም አልመሰለውም። አዲስ እትሙ የሚወጣው በሁለት ዓመት ገደማ ነው፤ በመሀል የሚመጣው በአብዛኛው የደኅንነት ማስተካከያ ነው። ዴቢያን ቀድሞ ዋይፋይ ላይ ያስቸግር ነበር፤ ከ12ኛው እትም ወዲህ ግን ዋይፋዩን የመሰለውን ዕቃ የሚያሠራውን ፈርምዌር ከመጫኛው ጋር ይዞ ይመጣል።

ፌዶራ ጥሩ ነው፣ ግን በየስድስት ወሩ አዲስ ይወጣል፤ አንዱ እትም ድጋፍ የሚያገኘው 13 ወር ያህል ብቻ ነው። የዳታ ፓኬጅ እየገዛሽ የምትጠቀሚ ከሆነ ይቅርብሽ። ኡቡንቱ 24.04 የአምስት ዓመት ድጋፍ አለው፤ ነገር ግን ገጽታው ኖም ለ4 ጊጋ ይከብዳል፣ ፋየርፎክሱም የሚመጣው ስናፕ በሚባል የፕሮግራም ጥቅል ስለሆነ ሲከፈት ይዘገያል። ላንቺ የምመርጠው ሚንት 22ን ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ የተባለ ቀለል ያለ ገጽታ ያለውን። መሠረቱ ያው ኡቡንቱ 24.04 ነው፣ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይደገፋል፣ ስናፕ የለበትም፣ ከታች ያለው መስመርና ሜኑውም ዊንዶውስን ለለመደ እጅ አይከብድም። ብር ካገኘሽ ሃርድ ዲስኩን ፈጣን በሆነው ማከማቻ፣ በኤስኤስዲ ቀይሪው፤ ከየትኛውም ምርጫ በላይ ልዩነቱ ይታይሻል።

ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፦ የሒሳብ አያያዝ ፕሮግራሙ ፒችትሪ። የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ በሚያስነሳው በዋይን አስነሳዋለሁ ብለሽ ፈተና ሲደርስ አትጨነቂ። ዊንዶውሱን ሳታጠፊ ሚንትን ጎን ለጎን ጫኚ፤ ዊንዶውሱን ለፒችትሪ ብቻ፣ ያለ ኢንተርኔት ተጠቀሚበት። የኤክሴል ፋይልሽ ማክሮ (በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ከሌለበት ሊብረኦፊስ ይበቃዋል።

ፋይሎችሽን ሌላ ቦታ ገልብጠሽ፣ ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ይዘሽ ብትመጪ ሚንትን ፍላሹ ላይ አዘጋጅልሻለሁ። ላፕቶፑ ላይ ሳትጭኚው ከፍላሹ ላይ አስነስተሽ ዋይፋዩን፣ ድምፁንና አማርኛውን ሳምንት ያህል ፈትኚው። ቅዳሜ ግን አትምጪ፤ ገበያ የወጣው ሁሉ ፎቶ ኮፒ ይዞ እኔ ዘንድ ይሰለፋል።