ሳልራብ የተራበን ልሳል ወይ?

ባለፈው የኅትመት ሥዕል የሚማር አንድ ልጅ "ጋሼ፣ ሳልራብ የተራበ ሰው ብስል ውሸት አይሆንብኝም?" ብሎ ጠየቀኝ። አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ ሸማኔ ነበር። ተማሪ ሳለሁ ጀርመናዊቷ ሠዓሊ ኬቴ ኮልቪትዝ ስለ ሸማኔዎች የሠራችውን የኅትመት ሥዕል ከመጽሐፍ አሳየሁት። በፈረንጆቹ በ1844 በሲሌዝያ፣ በያኔዋ ጀርመን ክፍለ ሀገር፣ ካመፁት ሸማኔዎች ታሪክ ተነስታ ከ1893 እስከ 1897 ያዘጋጀችው ነው። ስድስት ሥዕል ነው፤ ሦስቱ በድንጋይ፣ ሦስቱ በአሲድ በተበላ የብረታ ብረት ሰሌዳ የታተሙ።

በመጀመሪያው ሥዕል እናት የታመመ ልጇ አጠገብ ራሷን ይዛ ተቀምጣለች። እኔ የማየው እሷን ነበር። አባቴ እናትየዋን አለፋትና ከኋላዋ ባለው የሽመና ዕቃ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"ቤቱ የሰዎቹ አይደለም፤ የሱ ነው" አለኝ።

እውነቱን ነው። ጠባቧን ክፍል እንጨቱ ይዟታል፤ ሰዎቹ በተረፈው ቦታ ነው የሚኖሩት። ሌሎቹን ሳላሳየው ወደ ሥራው ተመለሰ። አራተኛው ላይ፣ ከሰልፈኞቹ መሃል፣ ልጇን አዝላ የምትሄድ ሴት አለች። ስለሷ ምን ይል እንደነበር ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል። መጽሐፉ የውሰት ነበር፤ መለስኩት። አባቴም ብዙ አልቆየም።

ኮልቪትዝ ራሷ ድሃ አልነበረችም። ባሏ በበርሊን የሠራተኞች ሰፈር ሐኪም ነበር፤ ወደሱ የሚመጡትን በቅርብ ታውቃቸዋለች። ስለዚህ መራብ አያስፈልግም እላለሁ። ግን ደግሞ ያን ዕቃ ያሳየኝ ዕድሜውን ሙሉ ሲሸምን የኖረ ሰው ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ማስታረቅ አልቻልኩም።

የዛሬ ልጆች ከስልክ ላይ የለማኝ ፎቶ ፈልጋችሁ ትስላላችሁ። ሰውየውን ሰላም እንኳ ሳትሉት! ይሄ ያናድደኛል።

ሥዕላችሁን ማን መግዛት እንደሚችልም አስቡ። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሆጋርት በ1751 የለንደንን የጂን አረቄ ስካር ያሳየበትን ኅትመት በአንድ ሺሊንግ ሸጠ። በዚያው ዓመት ስለ ጭካኔ የሠራቸውን አራት ሥዕሎች ደግሞ ዋጋቸው ቀንሶ ድሃውም እንዲገዛቸው በእንጨት ሊያስቀርጻቸው ሞከረ። ወጪው ከበደና ሁለቱ ብቻ ተቀረጹ። ገዢ ብቻ ሳይሆን ባለሥልጣንም አለ፦ ኮልቪትዝን በ1898 የበርሊን የሥዕል ዐውደ ርእይ ዳኞች በዚሁ በሸማኔዎቹ ሥራዋ ለወርቅ ሜዳሊያ ሲያጯት ካይዘሩ፣ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት፣ ከለከለ።

እናንተ ካተማችሁት አንዱን ቅጂ ለተሳለው ሰው ስጡት። አጠገቡ ቁጭ በሉና ምን እንደሚል ስሙት። የሚለውንም እዚያው ጻፉት።