የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በስብሰባው የተስማሙት ለምን ይቀራሉ?

ጥያቄ፦ በሀዋሳ በአንድ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ የፕሮግራም አስተባባሪ ነኝ። ሥራችን በሁለት ቦታ ነው፤ በአንድ በኩል በኢንዱስትሪ ፓርኩ ለመሥራት ከየገጠሩ መጥተው ቤት በጋራ ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት ሴቶችን እንደግፋለን፣ በሌላ በኩል በሀዌላ ቱላ ካሉ እናቶች ጋር በቁጠባና በአነስተኛ ንግድ ላይ እንሠራለን። ስብሰባ ስንጠራ ሰው ይመጣል፣ ዕቅዱን ይሰማል፣ ሁሉም ይስማማል፤ ሥራው ሲጀመር ግን ብዙዎቹ አይገኙም። የውጭ ለጋሻችን «የማኅበረሰቡ ተሳትፎ የታለ?» እያለ ይጠይቀናል። ባልደረቦቼ ሰው የሚመጣው ለአበሉ ነው ይላሉ። ምን ብናደርግ ይሻላል?

አስተባባሪ፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ ባልደረቦችዎ ስላነሡት ከአበሉ ልጀምር። ገበያ ውላ የዕለት ጉርሷን የምታገኝ እናት ግማሽ ቀን ስብሰባ ስትቀመጥ የምታጣው ገቢ አለ፤ ያንን መካስ ነውር አይደለም፣ ባልደረቦችዎም መስክ ሲወጡ አበል ይቀበላሉ። ችግር የሚመጣው ገንዘቡ ለጊዜዋ ሳይሆን ለስምምነቷ የተከፈለ ሲመስላት ነው። ስለዚህ መጠኑ አስቀድሞ በይፋ ይነገር፣ የደገፈም የተቃወመም እኩል ይቀበል፣ ከተቻለም ክፍያው ውይይቱ ሳይጀመር ይለቅ። ተቀብለው የሚሄዱ ይኖራሉ፤ ይሂዱ። እነማን እንደቀሩ ማወቅ ከማንኛውም የተሳትፎ ሪፖርት የበለጠ ይነግርዎታል።

ከአበሉ የሚብሰው ግን የስብሰባው ጊዜ ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ሲባል የኖረ ሰው ደብተር ይዞ በመኪና ለመጣ እንግዳ እምቢ አይልም፤ እሺታው አክብሮት እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም። ዕቅዱና በጀቱ አልቆ ከለጋሹ ጋር ውል ከተፈረመ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ማስታወቂያ ነው፣ ተሰብሳቢውም ይህን ከማናችንም በፊት ይረዳል። አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የዜጎችን ተሳትፎ በስምንት እርከን ከፍለውት ነበር፤ ከታች ሰውን መጠቀሚያ ማድረግ፣ መሐል ላይ ማሳወቅና ማማከር፣ ከላይ ደግሞ ሥልጣንን መጋራትና ውሳኔን ለሕዝቡ መልቀቅ ይገኛሉ። እንደ ገለጻዎ ከሆነ የእናንተ ሥራ መሐል ላይ የቆመ ይመስለኛል። ወደ ላይ ከፍ ለማለት ከለጋሹ ጋር ስትደራደሩ ከበጀቱ የተወሰነው ክፍል ዝርዝሩ ሳይሞላ እንዲፈረምና አጠቃቀሙን እናቶቹ እንዲወስኑት ጠይቁ። ድርሻው ትንሽ ቢሆንም፣ በእጅ ባለ ገንዘብ ላይ የሚነሣው ክርክር ስለ ተሳትፎ በሚሰጥ ሥልጠና ላይ አይነሣም። ቀሪውንም በጀት ከነደመወዙ አሳዩአቸው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የአንድ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ይህን ያወቀ ነዋሪ ጥያቄ ያበዛባችኋል፣ ያብዛ።

ሀዋሳ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለው የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ናት፤ ከዚያ በፊት ለረጅም ዓመታት የደቡብ ክልል መቀመጫ ስለነበረች፣ ፓርኩም በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ወጣት ስለሳበ፣ በአንድ ግቢ ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከጋሞና ከከምባታ የመጡ ልጆች አብረው ሲኖሩ ማየት የተለመደ ነው። ስለዚህ «ማኅበረሰቡ» እያሉ በአንድ ስም መጥራቱ ለሪፖርት እንጂ ለሥራ አይመችም። ቱላ ላይ ውይይቱ በሲዳምኛ ይሂድና የሚተረጎምለት አማርኛ ተናጋሪው ባለሙያ ይሁን። ባለሙያው በአማርኛ ተናግሮ ለእናቶቹ ሲተረጎምላቸው መድረኩ የእርሱ ይሆናል፤ በተቃራኒው ሲሆን ግን ሰምቶ ለመረዳት የሚጥረው እርሱ ነው። አስተርጓሚዋ ከሴቶቹ መካከል ትመረጥ፣ ይከፈላትም። ለፓርኩ ልጆች ደግሞ ቢሮ መጥራቱን ትታችሁ ፈረቃቸውን ጠይቃችሁ በሚያርፉበት ሰዓት ወደ ሰፈራቸው ሂዱ።

በሲዳማ አንድ ጉዳይ ከመወሰኑ በፊት የሚመለከታቸው ሁሉ እንዲሰሙትና ሐሳብ እንዲሰጡበት የሚደረግበት የአፊኒ ሥርዓት አለ። ከጠዋት ተጀምሮ እስከ ምሳ በሚያልቅ ስብሰባ ዕቅድ አስተዋውቆ ማጽደቅ ለዚህ ሥርዓት እንግዳ ነው። የመጀመሪያው ስብሰባ ለመስማት ብቻ ይሁን፤ ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ከጎረቤቱ መክሮ፣ በቀጠሮ ሲመለስ ይወሰን። የአፊኒን መልካምነት ሳነሣ ግን አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም፦ የሽማግሌዎች ሸንጎ የሆነው ሶንጎ በአብዛኛው የወንዶች መድረክ ነው። የሽማግሌዎቹን ቡራኬ ማግኘት ተገቢ ቢሆንም የእናቶቹን ድምፅ አይተካም፤ ስለዚህ ሴቶቹን ለብቻቸው ሰምታችሁ ያሉትን ራሳቸው በመረጧት ሴት አፍ ወደ ሸንጎው አድርሱ።

ለጋሹን በተመለከተ የምመክርዎ አንድ ፈተና ነው። ለለጋሹ በእንግሊዝኛ የምትጽፉትን ሪፖርት ከመላካችሁ በፊት በሲዳምኛና በአማርኛ አስተርጉማችሁ በዚያው በቱላ፣ በዚያው በኪራይ ግቢው ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሰው የሳቀበትን ዐረፍተ ነገር ሰርዙ፤ ያዘነበትን ደግሞ ምክንያቱን ጠይቁ። «ተስፋ የቆረጡና የተገለሉ ሴቶች» ተብለው ለገንዘብ ማሰባሰቢያ የተገለጹት እናቶች ያንን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ ለመገመት አያዳግትም። ከተነበበው ላይ የሚነሣውን ቅሬታም ለለጋሹ ላኩለት። የሚቆጣ ለጋሽ ይኖራል፤ ከልምዴ እንዳየሁት ግን አብዛኞቹ የሚጠረጥሩት እንከን የሌለበትን ሪፖርት ነው።

በተቃራኒውም የለጋሹን ሁኔታ ለነዋሪው መንገር ያስፈልጋል። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ለግምገማ ስታቆም፣ በሰኔ ወር መጨረሻም የዕርዳታ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲ ሥራውን ሲያበቃ፣ በአገራችን ብዙ ፕሮጀክቶች በመሐል ተቋርጠዋል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና እስከ መቼ እንደሚቆይ ቀድሞ ያልተነገረው ነዋሪ፣ ድርጅቱ ሲጠፋ ገንዘቡ ተበልቷል ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ስለዚህ የውሉን ማብቂያ ቀን በመጀመሪያው ስብሰባ ተናገሩ፤ ከለጋሹ ጋር በምትፈራረሙት ውል ላይም ድጋፉ ከመቋረጡ በፊት የማስጠንቀቂያ ጊዜና የመዝጊያ ወጪ እንዲኖር ጠይቁ። ታላላቅ ለጋሾችና የዕርዳታ ድርጅቶች በ2016 እ.ኤ.አ. ኢስታንቡል ላይ ከሰብአዊ ዕርዳታ ገንዘብ 25 በመቶው በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር በቀል ተቋማት እንዲደርስ ተስማምተው ነበር፤ ቃሉ በተባለው ጊዜ አልተፈጸመም፣ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ግን ልታነሡት ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ አንድ የከተማችን ባለሀብት በየበዓሉ ለምንረዳቸው ቤተሰቦች ዱቄትና ዘይት ይሰጣሉ። ነገር ግን ባነር ተሰቅሎ፣ እያንዳንዱ ተረጂ ከእጃቸው ሲቀበል ፎቶ እንዲነሣ ይፈልጋሉ። እምቢ ብንል ልናጣቸው ነው፤ ዝም ብንል ደግሞ ሰዎቹ ይሸማቀቃሉ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ባለሀብቱ የሚፈልጉት ምስጋናና ገንዘባቸው በትክክል መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ነው፤ ሁለቱም ተገቢ ፍላጎቶች ናቸው፣ ሁለቱም ያለ ተረጂው ፊት ሊሟሉ ይችላሉ። ለማስረጃው የፊርማ ዝርዝር፣ የግዢ ደረሰኝና የተከማቸው ዕቃ ፎቶ በቂ ነው። ምስጋናውን ደግሞ ተረጂዎቹ ሳይሆኑ ቦርዱና የአካባቢው እድር ያቅርቡት፤ ባነሩም ይሰቀል፣ ባነር ማንንም አያሸማቅቅም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ፈቃድ በነጻነት የተሰጠ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ዱቄቱ ከፊቷ ተቀምጦ «ፎቶ እናንሣሽ?» የተባለች እናት እሺ ብትል ያንን ነጻ ፈቃድ ለማለት እቸገራለሁ። መነሣት የሚፈልግ ሰው ካለ በሌላ ቀን፣ ዕቃውን ከወሰደ በኋላ ይጠየቅ። የድርጅታችሁ ሥራ አስኪያጅ በአካል ሄደው ይህን ለባለሀብቱ በአክብሮት ያስረዷቸው፤ በደብዳቤ ከሆነ እንደ ክስ ይነበባል። ከስጦታው ቀን ውጭም ወደ ሰፈሩ ይጋብዟቸውና ቡና ጠጥተው፣ የቤተሰቦቹን ሐሳብ ሰምተው ይመለሱ። ይህ ሁሉ ተደርጎ «ያለ ፎቶ አልሰጥም» ካሉ ግን፣ እኔ ብሆን ያንን ስጦታ አልቀበልም።

ጥያቄ፦ ከከተማው ነዋሪ ገንዘብ ልናሰባስብ አስበናል። ሙስሊሞችን፣ ፕሮቴስታንቶችንና ኦርቶዶክሶችን በአንድ ጥሪ መጠየቅ ይቻላል?

መልስ፦ ጥሪው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ሒሳቡ ግን አንድ መሆን የለበትም። ዘካ በቁርኣን ለተዘረዘሩ ስምንት ወገኖች ብቻ የሚሰጥ ግዴታ ነው፤ አንድ ሰው ካስቀመጠው ገንዘብ 2.5 በመቶውን በዘካ ስም ሰጥቶ እናንተ ለሥልጠና አዳራሽ ኪራይ ብታውሉት እምነቱን ነክታችኋል። ስለዚህ ዘካ የምትቀበሉ ከሆነ የአካባቢውን ዑለማዎች አማክሩና ለብቻው መዝግቡት፤ በፈቃድ የሚሰጠው ሰደቃ ግን ከዚህ የሰፋ ነው። ፕሮቴስታንቱ አሥራቱን በአብዛኛው ለቤተ ክርስቲያኑ ስለሚያስገባ፣ የምትጠይቁት ከዚያ በላይ የሆነ ስጦታ መሆኑን ግልጽ አድርጉ። ኦርቶዶክሱን በሰንበቴውና በጽዋ ማኅበሩ በኩል ማግኘት ይቀላል፤ በዚያ ግን መጀመሪያ የማኅበሩን ሰብሳቢ ፈቃድ ጠይቁ። ስብሰባችሁን ዓርብ ቀትር፣ ቅዳሜም ሆነ እሑድ ጠዋት አታድርጉ፤ ቅዳሜን የጠቀስኩት አድቬንቲስቶችን አስቤ ነው። ገንዘቡን በቴሌብር ለሚልኩ ሰዎች ወዲያው ደረሰኝ ላኩ፤ የተሰበሰበውንና የወጣውንም በየወሩ ጥሪውን በለጠፋችሁበት ቦታ ላይ ለጥፉ።