መሪው ደነደነ፣ ፍሬኑ ራሱን ይረግጣል

ጥያቄ፦ አሴቶ ኮርሳ የተባለውን የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ በሎጂቴክ ጂ29 መሪ እጫወታለሁ። ኩርባ ላይ መሪው ይደነድናል እንጂ ጎማው ሲንሸራተት አይሰማኝም። ፍሬኑን ሳልነካውም መኪናው ይይዛል። ኦንላይን ስገባ ደግሞ የሌሎቹ መኪኖች ይዘላሉ። (ከጅማ)

መልስ፦ የመሪው ነገር የጌይን፣ ማለትም ጨዋታው ወደ መሪው የሚልከው የጉልበት መጠን፣ መብዛት ነው። የጂ29 ሞተር ጉልበት 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጨዋታው ከዚያ በላይ ሲጠይቀው ጣሪያው ላይ ይቆማል፤ ጎማው ቢይዝም ቢለቅም እጅዎ ላይ የሚደርሰው ክብደት ያው ነው። ጨዋታው ውስጥ የፔዳል ማሳያውን ይክፈቱ። ከፍሬኑና ከነዳጁ ጎን ያለችው፣ የመሪውን ጉልበት የምታሳየው ግራጫ መስመር ኩርባ ውስጥ ቀይ ሆና ከቀረች፣ በቁጥር ሰሌዳው የመቀነስ ቁልፍ ጌይኑን ያውርዱ። የመንገዱን ጠርዝ ሲረግጡ ብቻ ብልጭ ካለች በቂ ነው። መሪው ቀላል ይሆንብዎታል፤ ይልመዱት፣ ክብደት መረጃ አይደለም።

ፍሬኑ የአቧራ ጉዳይ ይመስላል። ፔዳሉ ሥር ያለው ፖቴንሽዮሜትር (ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ የሚለካው ክፍል) ሲቆሽሽ ንባቡ ይዘላል። ዩኤስቢውንና የኃይል ገመዱን ነቅለው፣ ሬዲዮ ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን የኮንታክት ማጽጃ ጥቂት ይርጩበት፤ ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ፣ በደንብ ይድረቅ። የማሽን ዘይት ግን በፍጹም! አቧራውን ይሰበስባል። መልሰው ሲሰኩ እያንዳንዱን ፔዳል አንዴ እስከ መጨረሻው ይርገጡ፤ ልኩን የሚያውቀው ያኔ ነው።

ለመኪኖቹ መዝለል ኢንተርኔቱን ከዋይፋይ ወደ ገመድ ይቀይሩ። አውሮፓ ያለ ሰርቨር ከጅማ መራቁ አይቀርም፤ የሚያዘልለው ግን በአብዛኛው የፒንጉ (መረጃ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) መዋዠቅ ነው። ሳይዋዥቅ 180 ሚሊሰከንድ ላይ የቆመ ፒንግ ከ90 ወደ 300 ከሚዘል ይሻላል።