የደብርና የመስጊድ ጥበቃዎች በሥራ ሕግ ፊት

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ በአንድ ደብር የሌሊት ጥበቃ ሆኜ ከተቀጠርሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እቆማለሁ፤ የዕረፍት ሌሊት የለኝም። ውላችን በቃል ነው። ደመወዜን በየወሩ ፈርሜ እቀበላለሁ፤ በዓመት አንድ ጊዜም ስንዴ ይሰፈርልኛል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስጠይቅ የሰበካ ጉባኤው አባላት «አንተ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንጂ ተቀጣሪ አይደለህም፤ የሥራ ሕግ እዚህ አይገባም» አሉኝ። እውነት ነው?
(ስሜ ይቆይልኝ፣ ከደሴ)

መልስ፦ እውነት አይደለም፤ አባባሉ ግን ከምንም የተነሣ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 3 ላይ የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚመሠርቱት የሥራ ግንኙነት በአዋጁ እንዳይሸፈን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ሊወስን እንደሚችል ይገልጻል። በፍርድ ቤቶች የተያዘው መስመር ደግሞ መንፈሳዊ አገልግሎት የሚሰጡትን፣ ማለትም ቀዳሹን፣ ሰባኪውንና መሪጌታውን፣ ከሒሳብ ሠራተኛው፣ ከጽዳት ሠራተኛውና ከጥበቃው መለየት ነው። በር የሚጠብቅ ሰው የሚሠራው የአስተዳደር ሥራ ነው፤ በሩ የደብር መሆኑ ሥራውን ቅዳሴ አያደርገውም። በደብር ደጃፍ መቆም በረከት አለው ቢባል እኛም አንክድም፤ ነገር ግን በረከቱን የሚሰጠው ሌላ፣ ደመወዙን የሚከፍለው ሌላ ነው።

ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑም መብትዎን አያስቀርም። በቃል ሲቀጠሩ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጥዎ ይገባ ነበር፤ ይህን ባለማድረጉ ግን የሚጎዱት እርስዎ አይደሉም። የደመወዝ መቀበያው ፊርማ፣ የተረኛ መዝገቡና ሌሊት ሌሊት ሲቆሙ ያዩዎት ጎረቤቶች ሁሉ ማስረጃ ይሆናሉ።

ወደ ሰዓቱ ስንመጣ፣ በሳምንት ሰባት ሌሊት፣ በየሌሊቱ 12 ሰዓት ሲቆሙ 84 ሰዓት ይሆናል። የሕጉ መደበኛ ልክ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ስለሆነ የእርስዎ ትርፍ በሳምንት 36 ሰዓት ነው፤ ይህም ሕጉ በሳምንት ከሚፈቅደው የ12 ሰዓት ትርፍ ሦስት እጥፍ ነው። ስለዚህ የደብሩ ጥፋት የትርፍ ሰዓት አለመክፈል ብቻ ሳይሆን፣ ቢከፍልም እንኳ በዚህ መጠን ማሠራት የማይችል መሆኑ ጭምር ነው። ክፍያው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ የመደበኛው ሰዓት አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ስንዴውን «የትርፍ ሰዓትህ ነው» ቢሉዎት አይቀበሉ፤ በዓይነት የሚከፈል ደመወዝ ስምምነት የሚፈልግ ከመሆኑም በላይ በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈለው 30 በመቶ መብለጥ አይችልም።

አሁን መራራውን እንንገርዎ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ካልቀረበ በይርጋ (ሕጉ በወሰነው የመጠየቂያ ጊዜ ማለፍ) ይታገዳል። የስድስት ዓመቱን ሁሉ ይጠይቁ ብለን ባዶ ተስፋ አንሰጥዎትም፤ ያለፈው አብዛኛው አምልጧል። የሚቀረውን ለማዳን ግን በከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚከታተለው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ሥልጣን ላለው አካል የሚቀርብ አቤቱታ ይርጋውን ያቋርጣል። ከዚያ በፊት ግን የደብሩን አስተዳዳሪና የቅሬያችሁን (የሠፈር ዕድራችሁን) ሽማግሌዎች ይዘው ቢነጋገሩ አይከፋም፤ ወሎ ውስጥ ቅሬ ያልዳኘው ጉዳይ ጥቂት ነው። ብቻ ሽምግልናው በ«ዛሬ ነገ» ስድስቱን ወር እንዳይበላው ይጠንቀቁ። ደብሩ መብትዎን አምኖ በጽሑፍ ከመለሰልዎትም ያ ጽሑፍ ይርጋውን ያቋርጣልና በጥንቃቄ ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። በኮምቦልቻ የአንድ መስጊድ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። የሌሊት ጥበቃ ልንቀጥር ነው። ከጀማዓው ከፊሉ ሙስሊም ብቻ ይሁን ይላል፤ ያመለከተው ጎረቤታችን ግን ክርስቲያን ነው፤ የራሱም ጠመንጃ አለው። ምን ይሻለናል?
(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወዓለይኩሙ ሰላም። አዋጁ ሠራተኛን በሃይማኖቱ ምክንያት ለይቶ ማየትን ይከለክላል። ለኢማም ወይም ለሙአዚን እምነት መጠየቅ የሥራው ጠባይ ነው፤ ለአጥር ጠባቂ ግን እንዲህ ያለ ምክንያት አይታየንም። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው በሚያድጉበት አገር ይህ ጥያቄ መነሣቱ ራሱ ትንሽ አስገርሞናል። ከመስጊዱ ውስጥ የሚከናወን ሥራ ካለ ለሙአዚኑ ይተውና ጥበቃው የግቢውን ኃላፊነት ይያዝ።

ስለ ጠመንጃው ግን ፈጥናችሁ አትወስኑ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ሰውየው ለግሉ ፈቃድ ቢኖረው እንኳ፣ ኮሚቴው በዚያ መሣሪያ ግቢውን ከማስጠበቁ በፊት የከተማውን ፖሊስ ሊጠይቅ ይገባል። ለብዙ መስጊዶች በቂ የሚመስለን ዱላ፣ ባትሪ፣ ፊሽካና የቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ነው።

ውሉን በጽሑፍ አድርጉት፤ የሙከራው ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። አንድን ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከማቆም ይልቅ ሁለት ሰው ቀጥራችሁ አንዱን ከምሽቱ 12 እስከ ሌሊቱ 6፣ ሌላውን ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ብትመድቡ የትርፍ ሰዓት ጣጣ አይኖርባችሁም። ለእያንዳንዳቸው በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት ስለሚገባቸው ለዚያ ሌሊት ተተኪ ያስፈልጋል፤ የጀማዓው ወጣቶች በተራ ቢገቡ በጎ ፈቃደኞች ናቸውና ተቀጣሪ አይባሉም። በጀማ ንጉሥ የመውሊድ በዓል ወይም በግሸን ማርያም የመስከረም 21 ንግሥ ሕዝቡን የሚያስተናግዱ ወጣቶችም እንዲሁ ናቸው። ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚከፈለውና በኮሚቴው ትእዛዝ የሚሠራው ግን «በጎ ፈቃደኛ» ተብሎ ቢጠራም ሠራተኛ ነው።

ዋስ መጠየቃችሁ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ጥበቃውም ከእናንተ ዋስትና እንደሚጠብቅ አትርሱ። ሌባ አጥር ሲዘል ቢያቆስለው፣ ኮሚቴው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰው ጉዳት አሠሪ በመሆኑ ይጠየቃል። የሕክምናውንና የካሳውን ወጪ ከወርኃዊ መዋጮ ለመሸፈን ከማሰብ አስቀድሞ መድን መግባቱ በዋጋ ይቀላል፤ ይህንንም ከቅጥሩ በፊት በስብሰባችሁ ቃለ ጉባኤ አስፍሩት።