ጥላውን የት ጣልሽው? ስለ ብርሃንና ጥላ የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ጥያቄዎቻችሁ ተከምረውብኛል። አንዳንዱ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፣ አንዳንዱን በሁለት መስመር እንገላገለዋለን።

«ጀበና በእርሳስ ስስል ሁሌም ወረቀቱ ላይ ልጥፍ ይልብኛል። አጥቁሬዋለሁ፣ ግን ወይ ፍንክች!» (ከደሴ)

አብሽሪ እህቴ፣ ቅርጹ ልክ ነው። ችግሩ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አልወሰንሽም። ሆዱ ላይ ከግራ ይመጣል፣ አንገቱ ላይ ከቀኝ። መብራቱን አጥፊና ጀበናውን መስኮት አጠገብ አስቀምጪው፣ ከዚያ ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ እዪው። መስኮቱ ፊት ያለው ጎን ፈክቷል፣ ሆዱ እየዞረ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይጠቁራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ በጣም የጠቆረው ቦታ ጠርዙ አይደለም፣ ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ምክንያቱም ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ካለ ብርሃኑ ነጥሮ ተመልሶ ጠርዙን ፈካ ያደርገዋል። ያቺን ቀጭን ፍካት ከተውሽለት ጀበናው ክብ ይሆናል፣ ካጠቆርሻት ያው ልጥፍ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የሚወድቀው ጥላ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። ከመቀመጫው ሥር ጠቆር ይላል፣ ጠርዙም ጥርት ያለ ነው፣ እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል። ከመቀመጫው ትንሽ አላቅቀሽ ሳዪውና ጀበናው አየር ላይ ሲንሳፈፍ ታያለሽ። ለነገሩ ጥቁር ሸክላ ለጀማሪ ይከብዳል፣ በእንቁላል ጀምሪ። በአውራ ጣት ማሸቱንም ተዪው በናትሽ፣ ሥዕሉን ያቆሽሸዋል።

«ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ አነሳሁት። ፎቶው ላይ ግን ጥልቀቱ የለም። ካሜራዬ ነው?» (ከኮምቦልቻ)

ካሜራህ ምን አደረገ? ስድስት ሰዓት ላይ ነው ያነሳኸው አይደል? ቤተ ክርስቲያኑ ከአለቱ ወደ ታች 12 ሜትር ገደማ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ግን ጣሪያውም የጉድጓዱ ወለልም እኩል ይበራሉ፣ ዓይን የቱ ቅርብ የቱ ሩቅ እንደሆነ የሚለይበት ነገር ያጣል። በተለይ ሚያዝያና ነሐሴ አጋማሽ ገደማ ፀሐይ በወሎ ሰማይ ልክ በአናት ላይ ስለምታልፍ ቀትር ላይ የራስህን ጥላ እንኳ ፈልገህ አታገኘውም። ጠዋት 2 ሰዓት ወይም ማታ 10 ሰዓት ተኩል ሂድ። ያኔ ጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹት መስቀሎች በቀጭን ጥላ ብቅ ይላሉ፣ ጉድጓዱም እየጨለመ ወደ ታች ይወርዳል።

«የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ለምን ጥላ የላቸውም? ሰዓሊዎቹ አይችሉም ነበር?» (ከወልድያ)

ኧረ ይችላሉ! እኔ እንደሚገባኝ አልፈለጉትም። ሰው መሬት ላይ ጥላ ከጣለ የሆነ ሰዓት ላይ የሆነ ቦታ ቆሟል ማለት ነው፣ ቅዱሱ ግን ከሰዓትም ከቦታም በላይ ነው። ስለዚህ ደረጃውን በመጠን ይነግሩናል፣ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በአንድ ጎኑ ይስሉታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሁለተኛው የጎንደር ስልት በሚባለው፣ ፊትና ልብስ በጥላ መዞር ይጀምራል። በአውሮፓ ደግሞ ጣሊያናዊው ሰዓሊ ካራቫጆ እንደ ፈረንጆቹ 1600 ገደማ ሮም ላይ ከበስተኋላ ያለውን ሁሉ በጨለማ ውጦ፣ ሰዎቹን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ወደ ተመልካቹ ገፋቸው። ሁለቱን ማወዳደር ደስ ይላል፣ ማበላለጡ ግን አይገባኝም።

«ከሐረጎ ሆኜ የማየውን የሩቅ ተራራ አረንጓዴ አድርጌ ስቀባው አፍንጫዬ ሥር ይመጣል።» (ከደሴ)

በመካከል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን ይበትነዋል፣ ስለዚህ የሩቁ ጥላ ይገረጣል፣ ሰማያዊም ይመስላል። ጥቁሩን ቀለም ለቅርቡ ቁጥቋጦ አስቀምጠው።

«ድንጋይ ላይ የተቀረጸ መስቀል ፎቶ ስገለብጠው የጎደጎደው አብጦ ታየኝ! ስልኬ ነው ዓይኔ?» (ከሐይቅ)

ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። አእምሯችን ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ነው የሚነሳው፤ ፎቶው ሲገለበጥ ጥላው ቦታ ይቀይራል፣ ጉድጓዱም ጉብታ ይሆናል። ፎቶውን መልሰህ አዙረውና ይስተካከላል።