ወለድ ሲጨምር ቁጠባ ይጨምራል? ለአንባቢዎቻችን የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም ስለ ቁጠባና ስለ ባንክ ወለድ ከላካችኋቸው ጥያቄዎች መካከል ተቀራራቢ የሆኑትን መርጠን አስተናግደናል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለልጆቼ ትምህርት ብዬ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ሂሳብ አስቀምጫለሁ። ባንኩ በዓመት 8 በመቶ ወለድ ይከፍለኛል፤ የዋጋ ንረቱ ግን 20 በመቶ ደርሷል ይባላል። ወለዱ በየዓመቱ እየተጨመረልኝ ሳለ ገንዘብሽ እየቀነሰ ነው የሚሉኝ ሰዎች እውነታቸውን ነው? ከሆነስ መቆጠብ ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ የሚያሳዝን ቢሆንም እውነታቸውን ነው። በሂሳብ ደብተርዎ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ያድጋል፤ በዚያ ቁጥር የሚገዛው ነገር ግን ይቀንሳል። 100,000 አስቀምጠው ከዓመት በኋላ 108,000 ቢያገኙ፣ በዚያው ዓመት ውስጥ 100 ይሸጥ የነበረው ዕቃ 120 ገብቷል። ስለዚህ በእጅዎ ያለው 108,000 ዓመቱ ሲጀምር 90,000 ይገዛው ከነበረው የበለጠ አይገዛም። ብዙ ሰዎች ከ8 ላይ 20 ይቀንሱና ኪሳራው 12 በመቶ ነው ይላሉ፤ ይህ አቆራረጥ ንረቱ ዝቅተኛ በሆነበት ጊዜ ለግምት ይበቃል፣ ንረቱ ከፍ ሲል ግን 108ን ለ120 ማካፈል ያስፈልጋል፤ ትክክለኛው ኪሳራም 10 በመቶ ይሆናል። ሁኔታው ሳይለወጥ 5 ዓመት ቢዘልቅ ከመጀመሪያው የመግዛት አቅም የሚተርፍዎ 59 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ወለድ ላይ ግብር በሚቆረጥበት አገር ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ ምክንያቱም ግብሩ የሚሰላው በተጨመረው 8,000 ላይ ሲሆን፣ በዋጋ ንረት የተበላው አቅም ግን ከስሌቱ ውስጥ ጨርሶ አይገባም።

ከአስቀማጩ እጅ የወጣው አቅም የትም ጠፍቶ አይቀርም፤ ወደ ተበዳሪው ይሻገራል። ከዚያው ባንክ በ12 በመቶ ወለድ 100 የተበደረ ድርጅት በዓመቱ መጨረሻ 112 ይመልሳል፤ ይህም በመግዛት አቅም ሲመዘን ከ93 ብዙ አይበልጥም። በሌላ አነጋገር ከወሰደው ያነሰ መልሶ ዕዳውን ዘጋ ማለት ነው። በብዙ ታዳጊ አገሮች ከትልልቆቹ ተበዳሪዎች መካከል መንግሥትና የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ስለሚገኙ፣ ከዋጋ ንረት በታች የሆነ ወለድ ምክር ቤት ሳያጸድቀው በቆጣቢው ላይ የተጣለ ግብር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግብሩም የሚያርፈው በእኩል አይደለም። ሀብት ያለው ሰው ቤት ወይም መሬት ይገዛል፣ ወይም የውጭ ምንዛሪ ይይዛል፤ ከወር ወር ትንሽ የምታስቀር እናት ግን ከጥሬ ገንዘብና ከባንክ ሂሳብ ሌላ ምርጫ የላትም። ይህን ፍትሕ የጎደለው አሠራር አድርገን እናየዋለን።

ከዚህ በመነሳት ግን ገንዘብዎን ከባንክ አውጥተው ቤት እንዲያስቀምጡት አንመክርም። ቤት የተቀመጠ 100,000 በዚያው ዓመት ወደ 83,000 የመግዛት አቅም ይወርዳል፤ ወለዱ ጉዳቱን ባያስቀርም ቀንሶታል። በጥቂት ወራት ውስጥ ለሚከፈል የትምህርት ክፍያና ለድንገተኛ ሕመም የሚሆነው ገንዘብ ወዲያው ሊወጣ በሚችልበት ቦታ መቆየት አለበት። ለብዙ ዓመታት የማይነካውን ክፍል በተመለከተ ግን የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነዶችን፣ የአክሲዮን ድርሻን ወይም ዋጋው ከንረቱ ጋር አብሮ የሚሄድ ንብረትን ከባንኩ ወለድ ጋር አስተያይቶ መወሰን ይገባል። የዋጋ ንረት በበረታበት ጊዜ ሁሉ በአጭር ጊዜ ገንዘብን እጥፍ እናደርጋለን የሚሉ ሰዎች ይበዛሉና፣ እባክዎ ለእነርሱ ጆሮ አይስጡ።

ጥያቄ፦ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። በክፍል ውስጥ የተማርነው ወለድ ሲጨምር ሰዎች የዛሬ ፍጆታቸውን ቀንሰው አብዝተው ይቆጥባሉ የሚል ነው። ነገሩ እንዲህ ቀላል ከሆነ፣ ካፒታል የሚያጥራቸው ታዳጊ አገሮች ወለዱን ከፍ አድርገው ችግራቸውን ለምን አይፈቱም?

መልስ፦ ጥያቄዎ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያከራከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢኮኖሚክስ ምሁራኑ ሮናልድ ማኪኖን እና ኤድዋርድ ሾው በየፊናቸው፣ መንግሥታት የወለድ ምጣኔን በመመሪያ ከዋጋ ንረት በታች አፍነው በመያዛቸው የታዳጊ አገሮችን ቁጠባ አቀጭጨዋል፣ ብድሩም አዋጭ ወደሆነው ሥራ ሳይሆን ባለሥልጣን ወደመረጠው ድርጅት እንዲሄድ አድርገዋል ብለው ተከራከሩ። የክርክሩ ሁለተኛ ክፍል፣ ማለትም ስለ ብድር አመዳደቡ የተባለው፣ እስከ ዛሬ ጸንቶ ቆሟል። የመጀመሪያው ክፍል ግን በተግባር ሲፈተን የተጠበቀውን ያህል አልሆነም።

ምክንያቱ ወለድ በቤተሰብ ላይ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች የሚሠራ መሆኑ ነው። ወለድ ሲጨምር የነገው ገንዘብ ከዛሬው ይልቅ ማራኪ ስለሚሆን ቁጠባን ያበረታታል። በአንጻሩ ለተወሰነ ግብ፣ ለምሳሌ ለልጅ ትምህርት ወይም ለጡረታ ዘመን፣ የሚቆጥብ ሰው ወለዱ ከፍ ሲልለት ግቡ ላይ ለመድረስ በየወሩ የሚያስቀምጠውን ሊቀንስ ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያመዝን በንድፈ ሐሳብ ብቻ መወሰን አይቻልም። ከዚህ በላይ ደግሞ ገቢው ከዕለት ፍላጎቱ የማያልፍ ቤተሰብ ወለድ ቢያድግም የሚቀንሰው ፍጆታ የለውም። የዓለም የገንዘብ ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ አሳይተዋል፤ አገሩ ድሃ በሆነ መጠን ቁጠባው ለወለድ ለውጥ የሚሰጠው ምላሽ እየደከመ ይሄዳል፣ በጣም ድሃ በሆኑት ዘንድም ከምንም አይቆጠርም።

ለወለድ ጭማሪ ደጋፊዎች ዋነኛ ማስረጃ ሆና የኖረችው ደቡብ ኮሪያ ናት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1965 የኮሪያ መንግሥት የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወለድን ጣሪያ ከ15 በመቶ ወደ 30 በመቶ በአንድ ጊዜ አሳደገ። የባንኮቹ መደበኛ የብድር ወለድ 26 በመቶ ስለነበር፣ ባንኮቹ ከተበዳሪው ከሚቀበሉት የበለጠ ለአስቀማጩ ይከፍሉ ነበር። ውጤቱም ፈጣን ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የባንኮቹ ተቀማጭ ብዙ እጥፍ አደገ። ነገሩን ቀረብ ብለው የመረመሩት ግን ወደ ባንክ ከገባው ገንዘብ ብዙው አዲስ ቁጠባ አለመሆኑን አስተዋሉ፤ ቀድሞ በአራጣ ገበያ ሲዘዋወር የኖረ ገንዘብ ነበር። የአራጣ ገበያው ራሱ ሳይጠፋ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 መንግሥት በድንገተኛ አዋጅ የኩባንያዎችን የአራጣ ዕዳ ለሦስት ዓመታት አግዶ ወለዱን በወር ወደ 1.35 በመቶ አወረደው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የባንክ ወለድ ከ1965ቱ ከፍታ በእጅጉ ወርዶ ሳለ የቤተሰቦች ቁጠባ ማደጉን ቀጠለ፤ ምክንያቱም ገቢያቸው በየዓመቱ በፍጥነት ያድግ ነበር።

የቻይና ታሪክም ወደዚያው ያመለክታል። የተቀማጭ ወለድ ጣሪያ እስከ 2015 ድረስ በሕግ ተገድቦ፣ በአንዳንድ ዓመታትም ከዋጋ ንረት በታች ሆኖ ሳለ፣ የቻይና ቤተሰቦች ከሚያገኙት ገቢ ከሲሶ የማያንሰውን ይቆጥቡ ነበር። የሚቆጥቡት ወለዱ ስቧቸው ሳይሆን ለሕመም፣ ለእርጅናና ለቤት መግዣ የሚተማመኑበት ሌላ ነገር ስላልነበራቸው ነው። በተቃራኒው ቺሊ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወለድን ለገበያ ለቀቀች፤ እውነተኛው ወለድ፣ ማለትም የዋጋ ንረቱ ተቀንሶለት የሚተርፈው፣ እጅግ ከፍ አለ፣ ቁጠባው ግን አልተከተለም። ቁጥጥሩ በላላበት ሁኔታ ባንኮች ከባለቤቶቻቸው ጋር ለተሳሰሩ ኩባንያዎች ያለ ልክ አበደሩ፤ በ1982 የአገሪቱ ምርት 14 በመቶ ገደማ ወደቀ፤ በተከታዩ ዓመት መጀመሪያም መንግሥት ትልልቆቹን ባንኮች በራሱ እጅ ለማስገባት ተገደደ።

ከእነዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ወለድ አብልጦ የሚወስነው ቤተሰብ ምን ያህል እንደሚቆጥብ ሳይሆን የቆጠበውን የት እንደሚያስቀምጥ መሆኑን ነው። ይህ ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም። በወርቅ፣ በእህል ወይም በውጭ ምንዛሪ መልክ የተቀመጠ ሀብት ለፋብሪካም ሆነ ለገበሬ ብድር አይሆንም፤ ወደ ባንክ ሲገባ ግን ይሆናል። ስለዚህ ወለዱ ከዋጋ ንረት በታች እንዳይወርድ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ቁጠባን ከምንም ይፈጥራል ብሎ መጠበቅ ግን ተገቢ አይደለም።

ለቁጠባ መፈጠር ከወለድ ይልቅ የሚቀርበው የባንኩ ቅርበትና የገንዘቡ ደኅንነት ይመስለናል። ህንድ ከ1977 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ባንክ ባለበት አካባቢ አንድ ቅርንጫፍ ለመክፈት የፈለገ ባንክ፣ ባንክ በሌለባቸው ቦታዎች አራት እንዲከፍት ታስገድድ ነበር፤ የገጠር ተቀማጭም በዚህ መንገድ ሰፋ። ከዚህም የሚበልጠው ማስረጃ የተገኘው በምዕራብ ኬንያ ነው። ተመራማሪዎቹ ፓስካሊን ዱፓስ እና ጆናታን ሮቢንሰን ለትናንሽ ነጋዴዎች የቁጠባ ሂሳብ አስከፈቱ። ሂሳቡ ምንም ወለድ አይከፍልም፤ ገንዘብ ሲወጣም የአገልግሎት ክፍያ ያስቆርጣል፤ ስለዚህ ወለዱ በተግባር ከዜሮ በታች ነበር። ያም ሆኖ ከገበያ ሴቶቹ ብዙዎቹ ተጠቀሙበት፣ በንግዳቸው ላይ የሚያውሉትንም ገንዘብ በግልጽ አሳደጉ። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ ዘመድ ሲቸገር ወይም ጎረቤት ሲጠይቅ ያልቃል፤ ሴቶቹ የከፈሉት ገንዘባቸውን ከዚህ ለሚጠብቅላቸው ቦታ ነው። ስለ ወለድ የሚወስኑ ሰዎች ይህን ግኝት ጊዜ ሰጥተው እንዲያነቡት ከልብ እንመኛለን።

ጥያቄ፦ በአንድ ዘገባ የአንድ ታዳጊ አገር የአገር ውስጥ ቁጠባ ከምርቱ አንድ አሥረኛ እንደማይሞላ፣ በሌላ ዘገባ ደግሞ የዚያው አገር ብሔራዊ ቁጠባ ከዚያ በብዙ እንደሚበልጥ አነበብኩ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የአገር ውስጥ ቁጠባ የሚባለው በአገሪቱ ውስጥ ከተመረተው ላይ የቤተሰብና የመንግሥት ፍጆታ ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ብሔራዊ ቁጠባ ግን ከውጭ የተገኘውን የተጣራ ገቢና በውጭ የሚኖሩ ዘመዶች የሚልኩትን ገንዘብ ይጨምራል። እንደ ኔፓል ባሉ ሐዋላ ከጠቅላላ ምርት ከአንድ አምስተኛ በማያንስባቸው አገሮች በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በጣም ሰፊ ነው። ቤተሰቦች በተላከላቸው ገንዘብ ሲገበያዩ ፍጆታቸው ይቆጠራል፣ ገንዘቡ ግን ከመጀመሪያው ስሌት ውጭ ነው፤ ስለዚህ አገሩ ሁሉንም የሚበላ ይመስላል። ስለ ቤተሰቦች የቁጠባ አቅም ለማወቅ ከፈለጉ ብሔራዊው ይሻላል። የቤተሰብ ቁጠባ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ተለክቶ ሳይሆን ከትልልቅ ቁጥሮች ተቀንሶ የሚቀር በመሆኑ፣ የእነዚያ ቁጥሮች ትንሽ ስሕተት በእርሱ ላይ ገዝፎ እንደሚታይም ልብ ይበሉ።

ጥያቄ፦ ባንኮች ለአስቀማጭ ትንሽ እየከፈሉ ከተበዳሪ ብዙ ይወስዳሉ። መንግሥት ለብድር ወለድ ጣሪያ፣ ለተቀማጭ ወለድ ደግሞ ወለል ቢያበጅ ሁለታችንም አንጠቀምም?

መልስ፦ ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን ተሞክሮ ጉዳት አድርሷል። ኬንያ በ2016 ባወጣችው ሕግ የብድር ወለድ ከማዕከላዊ ባንኩ መነሻ ምጣኔ ከ4 የመቶኛ ነጥብ በላይ እንዳይበልጥ፣ የተቀማጭ ወለድም ከመነሻው 70 በመቶ እንዳያንስ ደነገገች። ባንኮቹ የኪሳራ ሥጋቱን በወለድ ማካካስ ሲከለከሉ፣ መያዣና የተጣራ የሂሳብ መዝገብ የሌላቸውን ትናንሽ ነጋዴዎች ማበደር ቀነሱ፤ ገንዘቡንም ለመንግሥት ማበደርን መረጡ፤ የመንግሥት ሰነድ ያለ ድካም ወለድ ያስገኛልና። የተበዳሪው ጥያቄ ግን ስላልጠፋ ብዙው ሰው ወለዱ ከባንክ በብዙ እጥፍ ወደሚበልጥ የሞባይል ብድር ሄደ። የተቀማጩ ወለል በ2018፣ የብድሩ ጣሪያ ደግሞ በኅዳር 2019 ተሻሩ።

በማበደሪያና በማስቀመጫ ወለድ መካከል ያለው ስፋት የሚጠበው ምክንያቶቹ ሲነኩ ነው። ያለ ወለድ በማዕከላዊ ባንክ እንዲቀመጥ የሚገደደው መጠባበቂያ ሲበዛ ባንኩ ወጪውን በተበዳሪና በአስቀማጭ ላይ ይከፋፍለዋል። ፍርድ ቤት የመያዣ ክርክርን ለዓመታት ሲያጓትት፣ የተበዳሪዎች የብድር ታሪክ በአንድ ቦታ ተመዝግቦ ሳይገኝ ሲቀር፣ ታማኙ ተበዳሪ የከሐዲውን ዕዳ ጭምር በወለድ መልክ ይከፍላል። ጥቂት ባንኮች ገበያውን በያዙበት አገር ደግሞ ለአስቀማጭ የሚሽቀዳደም ስለማይኖር ወለዱ ባለበት ይቀራል። እርስዎም እንደ አስቀማጭ ከባንክ ባንክ ያለውን የወለድ ልዩነት ጠይቀው ማወዳደርና፣ በተለይ ትልቅ ገንዘብ ለረጅም ጊዜ የሚያስቀምጡ ከሆነ፣ በወለዱ ላይ መደራደር ይችላሉ፤ በብዙ ባንኮች በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወለድ የመነሻ ዋጋ ነው።